በምን አወቅህ? ለማን ብለህ ተማርክ?



ካለፈው የረመዳን ሌሊቶች በአንዱ፣ ተራዊሕ ተሰግዶ ሰው መበተን ሲጀምር፣ አንዲት እህት በሴቶቹ በር በኩል ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው የቨርጂኒያ ግዛት፣ የአገራችን ልጆች ቅዳሜና እሁድ ቁርኣን በሚቀሩበት መድረሳ አስተማሪ ነኝ። እህታችን የደሴ ልጅ ናት፤ ሌሊት ሌሊት ሆቴል ውስጥ እየሠራች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጇ በምትማርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ኢንተርናሽናል ባካሎሬት» ለሚባለው የሁለት ዓመት ከባድ ትምህርት ታጭታለች። ወረቀቱ ወላጅ እንዲፈርም ይጠይቃል።

«ኡስታዝ» አለችኝ፤ «ሰዎች ሁለት ዓይነት ነገር ይነግሩኛል። ገሚሱ ‹ይህን የጨረሰ ልጅ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ፈርሚ› ይለኛል። ገሚሱ ደግሞ ‹እዚያ ውስጥ ልጆቹን በሁሉም ነገር በምን አወቃችሁ እያሉ እምነታቸውን የሚያናጉበት ትምህርት አለ፣ እንዳትነኪው› ይለኛል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

በዚያ ሌሊት መልስ አልነበረኝም። «ጥቂት ቀን ስጪኝ» ብዬ ሸኘኋት። ጥያቄዋ የእርሷ ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውን በዚህ አገር የሚያስተምሩ የብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ጥያቄ ስለሆነ፣ አስቤ የደረስኩበትን ለናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው። በማናውቀው ነገር ላይ መፍረድ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን የከለከለን ነውና። (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።) ይህ ፕሮግራም የተመሠረተው በ1968 በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ከተማ ነው። መነሻው የዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች ልጆች ከአገር ወደ አገር ሲዛወሩ ትምህርታቸው እንዳይበላሽ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው ማድረግ ነበር። ዛሬ ግን የዲፕሎማት ልጅ ብቻ የሚማረው ትምህርት አይደለም። በአሜሪካ ይህን ትምህርት ከሚሰጡት ትምህርት ቤቶች የሚበዙት የመንግሥት ናቸው። በእኛው አካባቢ እንኳ በአርሊንግተን የሚገኘው ዋሽንግተን-ሊበርቲ፣ በሜሪላንድ ደግሞ ሮክቪል ከተማ የሚገኘው ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጡታል። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የታክሲ ሹፌር ልጅ ከሐኪም ልጅ ጎን ተቀምጦ ይማረዋል።

ተማሪው በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስድስት ትምህርቶችን ይወስዳል፦ የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ቋንቋ፣ እንደ ታሪክ ያለ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሳይንስ፣ ሒሳብና ኪነ ጥበብ። ሙዚቃም ሆነ ድራማ እንዲማርበት የማይፈልግ ቤተሰብ በኪነ ጥበቡ ፋንታ ሌላ ሳይንስ ወይም ሌላ የኅብረተሰብ ትምህርት ማስመረጥ ይችላል፤ ይህን ብዙ ወላጆች አያውቁትም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ትምህርቶች በከፍተኛ ደረጃ፣ እያንዳንዳቸውን በ240 ሰዓት፣ ሦስቱን ደግሞ በመደበኛ ደረጃ በ150 ሰዓት ይማራል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ነጥብ ይታረማል። ከእነዚህ ሌላ ሦስት ግዴታዎች አሉ፦ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍ፣ ለራስና ለሰው የሚሠራ የፈጠራ፣ የእንቅስቃሴና የአገልግሎት ተግባር፣ እንዲሁም የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚባል ትምህርት። የጥናት ጽሑፉና የዕውቀት ንድፈ ሐሳቡ ተደምረው እስከ 3 ነጥብ ይጨምራሉ። ጠቅላላው 45 ነው። ዲፕሎማውን ለማግኘት ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር ቢያንስ 24 ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከባድ ነው። ግን ክብደት ብቻውን ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በወሎ ገጠር ደረሳ ሆነን ስንቀራ፣ ስንቃችንን ከመንደር ለምነን፣ በኩራዝ ብርሃን ስንደግም አድረን፣ ከሱብሒ በኋላ ሸይኻችን ፊት ስንቆም ማንም «ለልጅ ይከብደዋል» ያለልን አልነበረም። ስለ ዒልም መድከም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ስለዚህ እህታችንን የሚያስጨንቃት ድካሙ ሳይሆን ጥያቄው ነው። እኔም ወደዚያው ልሂድ።

ያባረርኩት ጥያቄ

የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ በሚባለው ትምህርት ተማሪው አዲስ መረጃ አይሸመድድም። ይልቁንስ የሚያውቀውን ነገር በምን እንዳወቀው ይጠየቃል። በዓይንህ አይተህ ነው? ዓይን አይሳሳትም? ሰው ነግሮህ ነው? የነገረህ ሰው ታማኝ መሆኑን እንዴት አጣራህ? የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃና የፊዚክስ ሊቅ ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው? መምህሩ ሊመርጣቸው ከሚችላቸው ርእሶች አንዱም ዕውቀትና ሃይማኖት ነው። በመጨረሻም ተማሪው ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱን መርጦ እስከ 1,600 ቃላት የሚደርስ ጽሑፍ ያቀርባል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስጽፈው ያፍረኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ፕሮግራም የሚማር አንድ ወጣት በመድረሳችን ነበር። ጭምት፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ከጁዝእ ዐምመ ጀምሮ ብዙ የሐፈዘ ልጅ ነው። አንድ እሑድ ሐዲስ ሳስተምር እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በእርግጥ መናገራቸውን በምን አወቅን?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ትንንሾቹ ልጆች ያዩኛል። እኔም ደነገጥኩ፤ ድንጋጤዬንም በቁጣ ሸፈንኩት። «ይህ የሸይጧን ወስዋስ ነው! ተቀመጥ!» አልኩት። ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ያህል መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን አላየሁትም።

ለብዙ ጊዜ «ያ ትምህርት አበላሸው» እያልኩ ሳወራ ኖርኩ። ያች እህት ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ግን ነገሩን እንደገና አሰብኩት። ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን ጥያቄ ወደ ማን ነበር ያመጣው? ወደ እኔ ነው። የመለሰኝን ስሜት ትቼ ብመረምረው፣ ጥያቄውን መንገድ ላይ አልጣለውም፤ ጓደኞቹ ዘንድ ሄዶ አልተሳለቀበትም። እንደ አማና ይዞ ወደ ኡስታዙ አመጣው። ያባረረውም ትምህርት ቤቱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ለዚያ ጥያቄ መልስ ማጣታችን አይደለም። በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ከሙስሊሞች ይበልጥ በብርቱ የጠየቀ ሕዝብ ቢኖር ጥቂት ነው! የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ ከመቀበላቸው በፊት «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን ሰማ? ሁለቱ በእርግጥ ተገናኝተዋል? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው? ዋሽቶ ያውቃል?» እያሉ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። ኢስናድ ማለት ይኸው ነው። በ870 (256 ሒጅራ) ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ ከከተማ ከተማ የዞሩት ይህንኑ ለማጣራት ነው። ስለ እያንዳንዱ አስተላላፊ ሕይወት፣ ታማኝነትና ድክመት የተጻፉት ኪታቦች ብዙ ናቸው። ያ ወጣት የጠየቀኝ ጥያቄ እንግዲህ የቡኻሪ ጥያቄ ነበር። እኔ ደግሞ የሸይጧን ነው አልኩት። አላህ ይማረኝ።

የእኔው ሸይኽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የፊቅህ መስአላ ስንመልስላቸው «ከየት አመጣኸው?» ሳይሉን አያልፉም ነበር። የኪታቡን ስም፣ ያስቀራንን ሰው ስም ጠርተን ነበር የምንቀመጠው። እኔ ከእርሳቸው መልሱን ተቀበልኩ፤ ጥያቄውን ግን ለልጆቹ ሳላስተላልፍ ቀረሁ።

ነቢዩላህ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ.) አላህ ሙታንን እንዴት እንደሚያስነሳ እንዲያሳያቸው ጠይቀዋል። ያላመኑ ሆነው ሳይሆን ልባቸው እንዲረጋ ነው። ጌታቸውም አሳያቸው እንጂ አላባረራቸውም። ነቢይ የጠየቀውን ልጃችን ቢጠይቅ ስለምን እንደነግጣለን?

በእርግጥ ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። ለማወቅ የሚጠይቅ አለ፤ ለማላገጥ የሚጠይቅም አለ። እምነትን ሁሉ ስሜት ብቻ አድርጎ የሚቆጥር መምህር ሊያጋጥም ይችላል። በአላህ ሩቅ ምስጢር ላይም የሰው አእምሮ የሚቆምበት ወሰን አለ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ከመጥፎ ጥያቄ የሚጠብቀው መልካም ጥያቄን መልመድ እንጂ ዝምታ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ዝም የተባለ ልጅ መጠየቁን አይተውም፤ እኛን መጠየቅ ይተዋል እንጂ።

ሁለተኛው ጥያቄ

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ዓሊም ማስታወስ እወዳለሁ። ኢማም አል-ገዛሊ (1058-1111) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ሊቅ ነበሩ። «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው ራሳቸው እንደሚተርኩት፣ «የማውቀውን በምን አወቅኩ?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ዓይን ኮከብን ከሳንቲም የማትበልጥ አድርጎ ያያታል፤ ስሌት ግን ከምድር እንደምትበልጥ ያስረዳል። ስለዚህ ዓይን ይዋሻል። ዓይንን የሚያርመው አእምሮስ የሚያርመው ሌላ ነገር እንደሌለ በምን ይታወቃል? ለሁለት ወር ገደማ በዚህ ጥርጣሬ ታመሙ። አላህ በልባቸው ውስጥ በጣለላቸው ብርሃን እስኪድኑ ድረስ። ዛሬ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚጠየቀውን ጥያቄ ኢማሙ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት አንስተውታል ማለት ነው።

ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣባቸው። «የማስተምረው ለማን ብዬ ነው?» ሲሉ ኒያቸውን መረመሩ። ለአላህ ብቻ ሆኖ አላገኙትም፤ ዝናና ክብር ገብቶበታል። ምላሳቸው ተያዘ፣ ምግብ አልዋጥ አላቸው። በ1095 ያን ሁሉ ክብር ትተው ከባግዳድ ወጡ። በመጀመሪያው ጥያቄ ታመው ነበር፤ በሁለተኛው ግን አገር ለቀው ሄዱ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኢማም አል-ቡኻሪም ያን «ከማን ሰማኸው?» በማለት የተሰበሰበ ታላቅ ኪታብ የከፈቱት በየትኛው ሐዲስ ነው? በኒያ ሐዲስ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «በምን አወቅህ?» እና «ለማን ብለህ?» ጎን ለጎን ናቸው።

ውድ ወላጆች! ለዚያች እህት የምነግራት ዋናው ነገር ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጇን የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይጠይቅላታል። ሁለተኛውን ግን ከጄኔቫ የመጣ የፈተና ወረቀት ሊጠይቅላት አይችልም። እርሱ የእናትና የአባት፣ የመድረሳም ድርሻ ነው። እኛ የምንፈራው የመጀመሪያውን ሆነ፤ የሚያሰጋው ግን ሁለተኛው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

ምክንያቱም ኒያ በሌለበት ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ቁጥር ይገባበታል። ልጁ ሌሊትና ቀን «45» የሚለውን ቁጥር እያሰበ ይኖራል። እናት ስልክ ደውላ ለዘመድ የምትነግረው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ቂብላ ይሆናል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲዘጋ የሜይ ወር ፈተና ጭራሹን ተሰረዘ። ውጤቱ ተማሪዎቹ አስቀድመው ከሠሯቸው ሥራዎችና ከመምህራን ግምት ተሰልቶ ሲወጣ፣ በብዙ አገር ተማሪዎችና ወላጆች ቅሬታ አሰሙ። ቅሬታቸውን አልነቅፍም፤ የለፋ ሰው ፍትሕ መሻቱ ተገቢ ነው። ግን አስቡት፦ ሁለት ዓመት ለቁጥሩ ብቻ የተማረ ልጅ በዚያን ቀን ምን ቀረው? ለአላህ ብሎ፣ ለሰው ሊጠቅም ብሎ የተማረው ግን ዕውቀቱ በደረቱ ውስጥ ነበር። ማንም ሊሰርዝበት አይችልም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2023፣ ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የፕሮግራሙ ድርጅት «መሣሪያውን አንከለክልም፤ ነገር ግን ከእርሱ የወሰደ መውሰዱን በግልጽ ይጻፍ፤ የራስ ሥራ አስመስሎ ማቅረብ ማታለል ነው» የሚል አቋሙን አሳወቀ። ደንቡ መልካም ነው። ግን ልጁ ሌሊት በሰባት ሰዓት፣ በተዘጋ ክፍል፣ 4,000 ቃላት ተጭኖበት ሲቀመጥ የሚያየው ማነው? መምህሩ የለም፤ እናቱ ሥራ ላይ ናት። ያለው አላህ ብቻ ነው። «ለማን ብለህ ትማራለህ?» ተብሎ ያደገ ልጅ በዚያች ሰዓት የሚይዘው ገመድ አለው።

የአገልግሎቱም ነገር እንዲሁ ነው። ተማሪው ሕፃናትን ያስጠናል፣ ለተቸገሩ ምግብ ያድላል፤ ከዚያም ስለ ሠራው ማስረጃና ማስታወሻ ያቀርባል። አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሪያእ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። በግዴታ መመዝገቡ ብቻውን ሪያእ አያደርገውም፤ ሪያእ ልብ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ለልጆቹ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ለትምህርት ቤቱ የምትመዘግቡትን ሥራ አሳምራችሁ ሥሩ። ከእርሱ ጎን ግን የትም የማይመዘገብ አንድ ሥራ ይኑራችሁ። የጎረቤት ሽማግሌ በረዶ ጥረጉላቸው፤ ማንም አይወቅ። ይህኛው ያኛውን ያጸዳዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁን እንወቀው። ይህ ትምህርት ለሁሉም ልጅ አይሆንም። እንቅልፉንና ጤናውን የሚያሳጣው ከሆነ ሙሉውን ዲፕሎማ ትቶ ከትምህርቶቹ አንድ ሁለቱን ብቻ መውሰድም ይቻላል። ለጎረቤት ወሬ ብሎ ልጅን መስበር በአላህ ዘንድ ያስጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ዲኑን ለትምህርቱ፣ ትምህርቱን ለዲኑ ጠላት አናድርግ። በ2019 የሜይ ፈተና ከረመዳን መግቢያ ጋር ገጥሞ ነበር። ጾመው የተፈተኑ ልጆች ነበሩን። ለሱሑር የቀሰቀሷቸው፣ ከፈተና ሲወጡ በር ላይ የጠበቋቸው እናቶች ከኛ ደርስ ይበልጥ አስተማሯቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ መድረሳውን አቋርጦ «ዲፕሎማውን ስጨርስ እመለሳለሁ» ማለት ግን አደራ ከባድ ነው። ሁለቱ ቀን ቢበዛበት በሳምንት አንድ ሰዓት ይምጣ፤ ገመዱ አይበጠስ።

ሦስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለኡስታዞች ነው። ልጆቹ ጥያቄ ይዘው እንዲመጡ በሩን እንክፈት። የማናውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» እንበል። ታላላቅ ኢማሞች «አላውቅም» ማለት አላሳፈራቸውም፤ እኛን ስለምን ያሳፍረናል? እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፍኩ ሰው ነኝ። የልጆቹን ባዮሎጂና ሒሳብ አላውቅም። ኢስናድ ምን እንደሆነ ግን ላስረዳቸው እችላለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለትልልቆቹ ልጆች ትምህርቴ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህታችን ነገርኳት። ፊቷን ወደ ልጇ መልሳ «ሰማሽ? ለማን ብለሽ ነው የምትማሪው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም። አንገቷን ደፍታ ቆየችና «እስካሁን አላሰብኩበትም» አለች። ወላሂ ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። እናትየው ወረቀቱን ፈረመች።

ያን ወጣትም ፈለግሁት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በዒድ ሶላት ሜዳው ላይ አገኘሁትና እጁን ይዤ «ያ የጠየቅከኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ዐፉ በለኝ» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያም «ዐፉ ብያለሁ፣ ኡስታዝ» አለ። መድረሳው ይመለስ አይመለስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ነገር ግን ስልኩን ሰጥቶኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን የሚጠቅም ዒልም፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። ሥራችንንና ትምህርታችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።